ዶዮገና ድረስ ስንት ሊትር?

የመስቀል ሰሞን ከአዲስ አበባ በዓለም ገና በኩል ወደ ቡታጅራና ወደ ሆሳዕና የሚወስደው መንገድ እንደ ወትሮው አይደለም። ጉራጌው ወደ አገሩ፣ ሐዲያው ለያሆዴ፣ ከምባታው ለመሳላ ይጓዛል። ሚኒባሱ፣ ቅጥቅጡ፣ የቤት መኪናው፣ ፍራሽና ቆርቆሮ የጫነው አይሱዙ ሁሉ በአንድ መንገድ ላይ ይሰለፋል። በየመኪናው ውስጥ ከሚነሡት ወሬዎች አንዱ ደግሞ ነዳጅ ነው። «ያንተ መኪና ሆሳዕና ድረስ ስንት ሊትር ይጠጣል?» መልሱ ሁልጊዜ ከመኪናው ስም ጋር ይያያዛል። ቪትዝ ቆጣቢ ነው ይባላል፤ ቪ8 ጠጪ ነው ይባላል፤ ቱርቦ ያለው የቤንዚን መኪና ከሆነ ደግሞ «እሱስ አይቻልም!» ተብሎ ይታለፋል።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ነገር ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰው ትንፋሽ ስቆጥርና የደም ግፊት ስለካ ስለኖርሁ፣ ስለ ሳንባ የሚነገር ነገር ቶሎ ይገባኛል። ቱርቦ የሚሉትም የሞተር ሳንባ ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት። ባለፈው መስቀል ወደ ዶዮገና ስሄድ ነገሩን በመንገድም በእህቴ ቤትም አየሁት። ልጆቻቸው መኪና ለገዙላቸውና ሊገዙላቸው ላሰቡ ወላጆች ይጠቅም ይሆናል ብዬ እጽፈዋለሁ።

መንገዱና መኪናው

መኪናው የእህቴ የበኩር ልጅ ንብረት ነው። ከሐዲያና ከከምባታ ወጣቶች ብዙዎቹ እንዳደረጉት እርሱም ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ፣ ጆሃንስበርግ አጠገብ ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ይኖራል። ከሰባት ዓመት በኋላ ለመስቀል ሲመጣ ያገለገለ መኪና አዲስ አበባ ውስጥ ገዛ። ባለ 2 ሺህ ሲሲ የቤንዚን ሞተር፣ ቱርቦ ያለው፣ ከ200 የፈረስ ጉልበት በላይ የሚያወጣ ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር። እናቱ፣ ማለት እህቴ፣ የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛ ናት፤ በየወሩ ሆሳዕና ሐኪም ዘንድ መታየት አለባት። እርሱ ሲመለስ መኪናው ዶዮገና ይቀራል፣ ታናሽ ወንድሙ ይነዳዋል፣ የነዳጁ ወጪ ከጆሃንስበርግ ይላካል።

ከአዲስ አበባ ስንወጣ ታንከሩን አስሞላን። መልካ ቁንጥሬ ላይ ወርደን አዋሽን ተሻግረን ወጣን። ጢያ ስንደርስ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን ትክል ድንጋዮች አለፍን። ከዋናው መንገድ ብዙም ስለማይርቁ ለልጅ ልጆቻችሁ ለማሳየት የሚመች ቦታ ነው። ከዚያ ቡታጅራ፣ ወራቤ፣ ቀጥሎ ሆሳዕና። ሜዳው ቢጫ በቢጫ ሆኗል፤ የጤፉና የስንዴው ማሳ ገና አረንጓዴ ነው።

የእህቴ ልጅ ግን ለአበባው ጊዜ አልነበረውም። ከፊቱ ያለውን ሚኒባስ ለማለፍ ነዳጅ ሲረግጥ ወገቤ ከወንበሩ ጋር ይጣበቃል። ካለፈ በኋላ ሌላ ቅጥቅጥ ይጠብቀዋልና ፍሬን ይይዛል። እንደገና ይረግጣል፣ እንደገና ይይዛል። «እትዬ፣ ይህ እኮ ቱርቦ ነው፤ ሲጠሩት ይመጣል!» ይለኛል። በመስቀል ሰሞን መንገድ አንዱን ቢያልፉ ሃያው ይጠብቃል፤ ስለዚህ ደጋግሞ ጠራው።

ሆሳዕና ገብተን እንደገና ስናስሞላ ማደያው 25 ሊትር ቆጠረ። የመጣነው 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በ100 ኪሎ ሜትር ወደ 11 ሊትር መሆኑ ነው። እርሱ ሒሳቡን በቴሌብር ከፍሎ ዝም አለ። ያላስተዋለው አይደለም፤ አንድ ሊትር ቤንዚን በ2014 ዓ.ም. ክረምት 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ማብቂያ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል።

የደጋ አየርና የሞተር ሳንባ

በዚህ መንገድ ላይ የማይታይ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያም በላይ ናት፤ ሆሳዕና 2,200 ሜትር ገደማ ናት፤ የዶዮገና ወረዳ ከ1,900 እስከ 2,700 ሜትር ይደርሳል። ጉዞው ሁሉ በደጋና በወይና ደጋ ነው። በ2,300 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህሉ ጎድሏል። እኛ የደጋ ሰዎች ደማችንና ሳንባችን ለምዶታል። ከቆላ የመጣ እንግዳ ግን ደረጃ ሲወጣ ቶሎ ይደክመዋል። በከምባታ ምድር ያለውን፣ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ የሚለውን የሐምበሪቾ ተራራ 777 ደረጃዎች የወጣ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል።

ሞተርም እንዲሁ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ወደ 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። አየሩ ከሳሳ ሊቃጠል የሚችለው ነዳጅ ያንሳል፣ ጉልበቱም ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1 ሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ይህ ማለት የግድ ብዙ ይጠጣል ማለት አይደለም፤ አዳዲሶቹ ሞተሮች አየሩ ሲቀንስ ነዳጁንም ይቀንሳሉ። ችግሩ ሾፌሩ ጋ ነው። መኪናው ሲደክምበት በዝቅተኛ ማርሽ እያስጮኸ እስከ ወለሉ ይረግጠዋል። በአሮጌዎቹ የናፍጣ ሞተሮች ዘንድ ደግሞ አየሩ ሳስቶ ናፍጣው እንዳለ ይገባል። ዳገት ላይ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጥቁር ጭስ በደንብ ሳይቃጠል የቀረ፣ ገንዘብ የተከፈለበት ናፍጣ ነው።

ቱርቦ የሚያደርገው ይህን ማካካስ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ዝም ብሎ ከመባከኑ በፊት ትንሽ መዘውር ያሽከረክራል፤ መዘውሯ በደቂቃ ከ100 ሺህ ጊዜ በላይ ልትዞር ትችላለች። በዚያ ኃይል ሌላ መዘውር አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ይመልሳል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1905 በባለቤትነት ያስመዘገበው አልፍሬድ ቡቺ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ነው። የሚገርመው ደግሞ ቱርቦ ስሙን ካስጠራባቸው ቦታዎች አንዱ ተራራ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የአውሮፕላን ሞተር ከ4,300 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው የፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አስወጥቶ ሞከረ። በባሕር ጠለል 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር በተራራው ላይ ወደ 230 ወረደ። ቱርቦ ሲገጠምለት እዚያው ተራራ ላይ 356 ሆነ። ጆሃንስበርግም ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ የእህቴ ልጅ ቱርቦ የወደደው እዚያ መሆኑ አልገረመኝም።

እንግዲህ ቱርቦ ጠጪ ነው ወይስ ቆጣቢ? ሁለቱንም ነው። የሚወስነው አየሩን የሚጠራው እግር ነው። በዝግታ ስትነዱ ቱርቦው ብዙም አይሠራም፤ ትንሽ ሞተር በትንሽ ነዳጅ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ የመኪና ፋብሪካዎች ወደ ቱርቦ ካዘነበሉበት ምክንያት አንዱ ይኸው ነው፤ ትንሽ ሞተር ሠርተው ሲያስፈልግ ብቻ የትልቅ ሞተር ጉልበት እንዲሰጥ። ስትረግጡት ግን አየር ይጨመራል፤ ከአየሩ ጋር ነዳጅ ይጨመራል። ይባስ ብሎ ብዙ የቤንዚን ቱርቦ ሞተሮች በጣም ሲጨነቁ ሙቀቱን ለማብረድ ሊቃጠል ከሚችለው በላይ ቤንዚን ይረጫሉ። በጋዜጣና በመጽሔት ማስታወቂያ የሚወጣው የነዳጅ ቁጥር ደግሞ የሚለካው በላቦራቶሪ፣ ረጋ ባለ አነዳድ ነው። በየቀኑ መንገድ የሚጠጣው ከዚያ በጣም ይበልጥ ስለነበር አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለኑሮ የቀረበ ሌላ መለኪያ ተክተዋል።

ዶዮገና

ከሆሳዕና ወደ ደቡብ ወደ ዶዮገና ስንቀርብ አየሩ ቀዘቀዘ፤ መስኮቱን ዘጋን። የዶዮገና ምድር ባዶ ቦታ የላትም። ቤቱን እንሰት ከብቦታል፣ ከእንሰቱ ቀጥሎ ጎመኑና ድንቹ፣ ከዚያ ስንዴውና ገብሱ ይከተላል። ዳገቱ በእርከን ተሸንሽኗል፤ በእርከኑ ጠርዝ ላይ የተተከለው ደሾ ሳር አፈሩን ይይዛል፣ ከብቱንም ይቀልባል። የዶዮገና በግ ስም ያለው በግ ነው፤ ገበሬዎቹ በማኅበር ሆነው የተመረጠ አውራ በግ እየተጋሩ ዝርያውን ያሻሽላሉ። እዚህ አገር ምንም ነገር በከንቱ አይጣልም። የእንሰቱ ግንድና ሥር ቆጮና ቡላ ይሆናል፣ ቃጫው ገመድ ይሆናል፣ ቅጠሉ መጠቅለያ ይሆናል።

እንዲህ ያለ አገር ውስጥ አሥራ አንድ ሊትር የሚጠጣ መኪና ደጅ ሲቆም ምን እንደሚሆን በሁለተኛው ቀን አወቅሁ። ነርስነት ከጡረታ ጋር አይወጣምና የእህቴን የቀጠሮ ካርድ አውጥቼ አየሁ። መኪናው ከመጣ ወዲህ ሁለት ቀጠሮ አልፏታል። ልጁ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ገዝቶ ከታናሹ ጋር ልኮላት፣ እርሱ ራሱ ጉዳይ እስኪጨርስ አዲስ አበባ ቆይቶ ነበር፤ ለበዓል ሊወስደኝ መኪናውን ያስመጣው በኋላ ነው።

«ለምን አልሄድሽም?» አልኋት።

«መኪናው ይጠጣል እኮ እትዬ። ልጄ በጨለማ ተነሥቶ ሱቅ የሚከፍተው ለዚህ ነው? ለኔ መርፌና ክኒን ያን ሁሉ ቤንዚን አላስቃጥልም።»

«ታዲያ እንደ ድሮሽ በሚኒባስ አትሄጂም?»

«መኪና ገዝቶልኝ በሚኒባስ ስሄድ ቢሰማ አያዝንም? ጎረቤትስ ምን ይላል?»

መኪናው የመጣው ሐኪም ዘንድ ሊያደርሳት ነበር፤ ሐኪም ዘንድ እንዳትሄድ አደረጋት። ከመኪናው በፊት አንድም ቀጠሮ ዘላ አታውቅም። ስኳር ደግሞ ጮሆ የሚጎዳ በሽታ አይደለም። ዓይንንና ኩላሊትን ዝም ብሎ ነው የሚበላው፤ ሰው ደኅና ነኝ ሲል ይሠራል። በሥራ ዘመኔ «የመጓጓዣ አጥቼ» ብለው ዘግይተው የመጡ ብዙ ሰዎችን አይቻለሁ። መኪና ደጇ ቆሞ የቀረች ሰው ግን ያየሁት ያን ቀን ነው።

የአምቡላንሱ ሾፌር

በበዓሉ ማግሥት ከድሮ የሥራ ባልደረቦቼ አንዱ ሊጠይቀን መጣ። ብዙ ዓመት የአምቡላንስ ሾፌር ነበር፤ አሁን እርሱም ጡረታ ላይ ነው። አምቡላንሱ በየገጠሩ የምናውቀው ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ነበር፤ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው። ጠንካራ ነው፣ ግን ዳገት ላይ ያቃስታል። በወር የሚታደለው ናፍጣ የተወሰነ ነበር። በወሩ መጨረሻ ካለቀ፣ ምጥ የያዛት እናት በሰው ትከሻ ትወጣለች ማለት ነው። ስለዚህ ይህ ሰው ለአንዲት ሊትር ይሳሳ ነበር፤ የቆጠባት ሊትር በወሩ ማብቂያ የአንዲት ሴት መንገድ ትሆናለችና።

ጉዳዩን ስነግረው የእህቴን ልጆች ሁለቱንም ጠራቸው። ታናሹን መሪው ላይ አስቀምጦ፣ ትልቁን ከኋላ፣ እርሱ ከጎን ሆኖ ወደ ሆሳዕና አቅጣጫ ይዟቸው ወጣ። እኔም ገባሁ።

«ስማኝ ልጄ» አለው፤ «ከኋላህ ምጥ የያዛት ሴት የተኛች አድርገህ ንዳ። ለእርሷ ስትል በድንገት አትረግጥም፣ በድንገትም ፍሬን አትይዝም። ጉድጓዱን ከሩቅ ታያለህ፣ ከብቱን ከሩቅ ታያለህ፣ ቀድመህ እግርህን ታነሣለህ። እናቲቱ ከደላት ናፍጣውም ይተርፋል።»

ልጁ ቁልቁለቱ ላይ ማርሹን ወደ ፎሌ ሊያወጣ ሲል እጁን ያዘው። ይህን ልማድ ብዙ ሾፌሮች የሚያደርጉት ነዳጅ የሚቆጥብ መስሏቸው ነው። አሁን ባሉት፣ ኮምፒውተር ነዳጃቸውን በሚቆጣጠራቸው መኪኖች ግን እውነቱ ተቃራኒው ነው። ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ሲነሣ ጎማው ራሱ ሞተሩን ስለሚያዞረው የነዳጁ መርጫ ይዘጋል። በፎሌ ሲወርድ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን ይቀጥላል፤ ሸክሙም ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። በከምባታ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ማቃጠል ምን እንደሚያመጣ ለእኔ መንገር አያስፈልግም።

ዳገቱን ለልጆቹ በቁጥር ላስረዳቸው ሞከርሁ። 1.5 ቶን የሚመዝን መኪና 1 ሺህ ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ ሊትር ተኩል ያህል ቤንዚን ይሄዳል። ያን ማንም አይቀንሰውም፤ የተራራው ድርሻ ነው። የሾፌሩ ድርሻ ግን ሌላ ነው፤ ፍሬን በያዝን ቁጥር ቀድሞ የተከፈለበትን ፍጥነት በሙቀት መልክ ወደ አየር እንበትነዋለን። ፍጥነትም ዋጋ አለው። መኪና በሰዓት ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ሲጨምር የሚገፋው የአየር ኃይል በግማሽና ከዚያም በላይ ይጨምራል። ያተረፈው ደቂቃ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀጥለው ከተማ መግቢያ ላይ ከአይሱዙ ኋላ ቆሞ ይበላል።

ትልቁ ልጅ ከኋላ ሆኖ ሲሰማ ቆይቶ «ጋሼ፣ እንዲህ ከተነዳ ቱርቦ ለምን ተገዛ?» አለ። ሽማግሌው አልሣቀም። «ለዳገቱና ለክፉ ቀን» አለው። «እኔ ያንን ሃርድቶፕ ስነዳ ዳገቱ ላይ ስንቴ ቱርቦ ኖሮኝ ብዬ ተመኝቻለሁ። አንተ አግኝተኸዋል፤ ግን በየሚኒባሱ ላይ አታውጣው።»

መልስ ጉዞ

ትልቁ ልጅ በአውሮፕላን ወደ ሱቁ የሚመለስበት ቀን ሲደርስ አዲስ አበባ ድረስ የነዳው ታናሹ ነው። አሁን ሦስት ሰው ነን፤ ኋላው ላይ አንድ ኬሻ ድንች፣ ቆጮና ቅቤ ተጭኗል። ከመነሻችን ጎማውን ጎሚስታ ጋ አስለካን፤ በሩ ላይ ከተጻፈው መጠን በጣም ጎድሎ ነበርና አስሞላነው። ሆሳዕና ላይ ታንከሩን ሞልተን ተነሣን። ልጁ ከ80 ብዙም አላለፈም። አንድም ጊዜ ወገቤ ከወንበሩ ጋር አልተጣበቀም። ዳገት ሲመጣ ቱርቦው ቀስ ብሎ ሲነሣ ይሰማኛል፤ መኪናው ሳያቃስት ይወጣል። ሽማግሌው የተመኘው ይህን ነበር።

አዲስ አበባ ስንገባ ማደያው 17 ሊትር ተኩል ቆጠረ። ያው መኪና፣ ያው መንገድ፣ ሸክሙ ጨምሮ፣ በ100 ኪሎ ሜትር ወደ 7.6 ሊትር ወረደ። የሁለቱ ከተሞች ከፍታ ስለሚቀራረብ ተራራው አድልቶልናል ማለት አይቻልም። የተለወጠው እግሩና የጎማው አየር ነው። ልዩነቱ 7 ሊትር ተኩል ነው፤ ሊትሩን በ100 ብር ብቻ ብናስበው እንኳ 750 ብር። የዘገየነው ደግሞ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ነው።

ከዶዮገና ሆሳዕና ደርሶ መልስ 50 ኪሎ ሜትር ብለን ብናስብ፣ በረጋ እግር 4 ሊትር አካባቢ ይበቃል። በትልቁ ልጅ አነዳድ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ በሚነሣበት በአጭር መንገድ፣ ወደ 6 ሊትር ይጠጋል። ለእህቴ የነገርኋት ይህን ነው። አንድ ተጨማሪ እውነትም ነግሬያታለሁ። በዚያ መንገድ ላይ ከሁሉ ቆጣቢው ቱርቦ የልጇ መኪና አይደለም፤ ሚኒባሱ ነው። ብዙዎቹ ሃይሩፍ የምንላቸው ሚኒባሶች ባለ 2.5 ሊትር ቱርቦ ናፍጣ ናቸው። በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ቢጠጡ እንኳ ለ14 መንገደኛ ሲካፈል ለአንድ ሰው ከሦስት አራተኛ ሊትር በታች ነው። ደኅና በሆነችበት ቀን በሚኒባስ መሄድ ነውር የለውም፤ ሲያማትና ሲመሽ፣ ዝናብም ሲሆን መኪናው አለ።

ከመሳፈሩ በፊት ለትልቁ ልጅ ሁሉንም ግልጹን ነገርሁት፤ እናቱ ሁለት ቀጠሮ መዝለሏንም ጭምር። ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ቆይቶ «እኔ ገንዘቡን የምልከው እንድትታይ ነው እንጂ መኪናው እንዲታይ አይደለም። በሚኒባስም ትሂድ፣ በእግሯም ትሂድ፣ ብቻ ትሂድ» አለ። ይህን በራሱ አፍ ደውሎ እንዲነግራት አደረግሁ፤ ከእኔ ብትሰማው አታምንምና።

ለቤተሰብ የሚሆን ምክር

ከመንገዱና ከሽማግሌው የተማርሁትን፣ በኋላም አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ መካኒክ የጠየቅሁትን ላካፍላችሁ።

ቱርቦ ያለው መኪና ያላችሁ በመጀመሪያ ዘይቱን ጠብቁ። ያቺ መዘውር በዚያ ፍጥነት የምትዞረው በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ነው። ዘይቱ ከቆሸሸ ወይም ከጎደለ ቀድማ የምትሞተው እርሷ ናት፤ የታመመ ቱርቦ ጉልበት ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይጨምራል፣ ዘይትም ያጨሳል። ረጅም ዳገት ወጥታችሁ ወዲያው ሞተሩን አታጥፉ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆሞ ይቀዝቅዝ። ከሩጫ የመጣን ሰው ወዲያው አስተኝተን የልብ ምቱን አንለካም፤ እንደዚያው ነው።

የአየር ፊልትሮው በበጋ አቧራ ይታፈናልና ቶሎ ቶሎ ይታይ። ጣሪያ ላይ የሚጫን ዕቃ ሲቻል ወደ ውስጥ ይግባ፤ አየር ይገፋል። «ስፖርት» የሚል ቁልፍ ካለ ለየቀን መንገድ አትንኩት። ስለ ቤንዚኑም የመኪናውን መመሪያ አንብቡ፤ ጉልበት ያላቸው ቱርቦዎች ብዙ ጊዜ 95 ኦክቴን ይጠይቃሉ። ዝቅ ያለ ሲያገኙ ሞተሩ ራሱን ለመጠበቅ ጉልበቱን ይቀንሳል፤ ሾፌሩም ያንን ለማካካስ ይበልጥ ይረግጣል።

ልጆቻችሁ መኪና ሊገዙ ሲሉ የፈረስ ጉልበቱን ብቻ አትጠይቁ። ከ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ወዲህ ቀረጡ በሞተሩ መጠን ከ1,300 ሲሲና ከ1,800 ሲሲ በላይ እየጨመረ ይሄዳል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ደጋው ጉልበቱን አይቀንስበትም፤ ሆኖም ከመግዛታችሁ በፊት በምትኖሩበት ከተማ የት እንደምትሞሉት እወቁ። ያሉት የነዳጅ መኪኖች ግን ገና ብዙ ዓመት ከእኛ ጋር ይኖራሉ፤ አያያዛቸውን ማወቅ የግድ ነው።

መለኪያው ቀላል ነው። ታንከሩን ሙሉ አስሞሉ፣ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር በደብተር ጻፉ። ሲቀጥል እንደገና ሙሉ አስሞሉና የገባውን ሊትር በሄዳችሁበት ኪሎ ሜትር አካፍላችሁ በ100 አባዙ። ሦስት አራት ጊዜ ካደረጋችሁት የመኪናውንም የሾፌሩንም ጠባይ ታውቃላችሁ። እኛ ነርሶች ትኩሳት በየሰዓቱ የምንጽፈው አንድ ጊዜ የታየ ቁጥር ስለማይታመን ነው።

የእህቴ ታናሽ ልጅ አሁን ደብተሩን ይዟል፤ በአንድ ገጽ ሊትሩን፣ በሌላው ገጽ የእናቱን ስኳርና የደም ግፊት ይጽፋል። ሁለቱንም በስልክ ያነብልኛል። የጥቅምቱና የኅዳሩ ቀጠሮ አልታለፈም፤ አንዱን በሚኒባስ፣ አንዱን በመኪናው ሄዳለች። እናንተም የልጆቻችሁን ድካም ስታስቡ ነዳጁን ቆጥቡ፤ ሐኪማችሁን ግን አትቆጥቡ። መልካም መንገድ ይሁንላችሁ።